የጉድጓድ ውሃ ሲቀንስ፦ ውሃው አልቆ ነው ወይስ ጉድጓዱ ደክሞ?

በጋው በገፋ ቁጥር በወሎ ከተሞችና ገጠሮች ስለ ውሃ ሁለት የማይታረቁ አባባሎች ጎን ለጎን ይሰማሉ። አንደኛው «ከመሬት በታች የተኛ ባሕር አለን፤ የጠፋው ቆፋሪ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ውሃው እየሸሸ ነው፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጉድጓዱ ሁሉ ይደርቃል» ይላል። በደሴና በኮምቦልቻ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲደርስ፣ በቆቦ ሜዳ የመስኖ ፓምፕ የሚተፋው ውሃ ሲቀጥን ክርክሩ ይጋጋላል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሳይቋጭ ይረሳል። ሁለቱም ወገኖች የሚያቀርቡት ማስረጃ በዓይነቱ አንድ ነው፦ እዚህ የተቆፈረ አንድ ጉድጓድ ብዙ ውሃ ሰጠ፣ እዚያ የነበረ አንድ ጉድጓድ ደረቀ። ነገር ግን አንድ ጉድጓድ መስጠቱም ሆነ መድረቁ ብቻውን ስለ ከርሰ ምድር ውሃው የሚናገረው ጥቂት ነው። ክርክሩን ሊፈታ የሚችለው በየጉድጓዱ ለዓመታት ሳይቋረጥ የሚያዝ የውሃ ደረጃና የጥራት መዝገብ ሲሆን፣ በአካባቢው በብዛት የጎደለውም እሱ ነው።

ከእግራችን በታች ያለው

የወሎ ምሥራቃዊ ገጽ ከደጋው ወደ አፋር ዝቅታ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። ደጋው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ንብርብር እየሠራ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ የተገነባ ሲሆን፣ በቁልቁለቱ ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ የሰመጠባቸው ጠባብ ሸለቆዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ተከታትለው ይገኛሉ። የራያና የቆቦ ሜዳ፣ የሐይቅ ተፋሰስ፣ ኮምቦልቻና ከሚሴ ያሉበት የቦርከና ሸለቆ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ሸለቆዎቹ ጎርፍ ከተራራው እየጠረገ ባመጣው ጠጠር፣ አሸዋና ጭቃ ተሞልተዋል።

ስለዚህ ጉድጓድ የሚቆፈርባቸው ቦታዎች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። በሸለቆው ደለል ውስጥ ውሃ በጠጠርና በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ይቀመጣል፤ የተራራውን ግርጌ ተከትሎ ጠጠሩ ሻካራ በሆነበት ቦታ የተቆፈረ ጉድጓድ ብዙ ይሰጣል። በደጋው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ግን ውሃ የሚገኘው በስንጥቆች፣ በበሰበሰው የላይኛው ክፍልና አንዱ የቅልጥ ድንጋይ ፍሰት በሌላው ላይ ባረፈበት መጋጠሚያ ነው። አንዱ ገበሬ ቆፍሮ ውሃ ባገኘበት መንደር ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ የቆፈረው ጎረቤቱ ደረቅ ድንጋይ የሚያገኘው በዚህ የተነሳ ሲሆን፣ ጉዳዩን ከዕድል ጋር ብቻ ማያያዝ የድንጋዩን ጠባይ መዘንጋት ነው። ውሃ የሚይዘውንና የሚያስተላልፈውን እንዲህ ያለ የመሬት ክፍል የመስኩ ሰዎች አኩፈር ይሉታል፤ ውሃ አዘል ንብርብር ማለት ነው።

«የተኛ ባሕር» የሚለው አነጋገር መነሻ አለው። የብሪታንያ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት የአህጉሪቱ ካርታ የአፍሪካ የከርሰ ምድር ውሃ ክምችት 0.66 ሚሊዮን ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሆን፣ ይህም በየዓመቱ ከሚታደሰው የአህጉሪቱ ንጹህ ውሃ ከ100 እጥፍ በላይ እንደሆነ ገምተው ነበር። ዜናው በዓለም ዙሪያ ሲራባ ግን የጥናቱ ሌላ ግማሽ ተረሳ፦ ትልቁ ክምችት ያለው እንደ ሊቢያና አልጄሪያ ባሉ የሰሜን አፍሪካ ሀገራት የደለል ድንጋይ ውስጥ ነው፤ በአብዛኛው አህጉር ለእጅ ፓምፕ የሚበቃ ውሃ ቢኖርም በሰከንድ ብዙ ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በሁሉም ቦታ አይገኝም። የኢትዮጵያ ደጋ ድንጋይ በዚህ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ሥር ይወድቃል።

ክምችቱን በዓይነ ሕሊና ለመሳል በጠጠር የተሞላ ጋን ማሰብ ይበቃል። ጋኑ እስከ አፉ ውሃ የያዘ ቢመስልም በውስጡ ያለው ውሃ የጠጠሩን ክፍተት የሚሞላ ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ጣሳ ሲቀዳለት ደረጃው ጠጠር በሌለው ጋን ውስጥ ከሚወርደው በብዙ እጥፍ ይወርዳል፣ አንድ ጣሳ ሲጨመርበትም እንዲሁ በፍጥነት ይወጣል። ከመሬት በታች ያለ ውሃ ደረጃ ከሐይቅ ደረጃ ይልቅ በፍጥነት የሚዋዥቀው በዚህ ጠባይ ነው።

አንድ ጉድጓድ፣ ሁለት ደረጃ

የሕዝቡን ክርክር ከሁሉ በላይ ያወሳሰበው የሁለት ደረጃዎች መምታታት ነው ማለት ይቻላል። ፓምፑ ለበርካታ ሰዓታት ቆሞ ውሃው ከረጋ በኋላ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ገጽ ያለው ጥልቀት ስታቲክ ደረጃ ይባላል፤ የዕረፍት ደረጃ ብንለው ያስኬዳል። ፓምፑ እየሠራ ሳለ ውሃው ወርዶ የሚቆምበት ጥልቀት ደግሞ ዳይናሚክ ደረጃ፣ የሥራ ደረጃ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዝቅታ ወይም ድሮዳውን ይባላል። አንድ የፓምፕ ኦፕሬተር «ውሃው 60 ሜትር ላይ ነው» ሲል የትኛውን እንደለካ ካልተናገረ ቁጥሩ ካለፈው ዓመት ቁጥር ጋር ሊነጻጸር አይችልም። የዕረፍት ደረጃው 35 ሜትር ላይ የሆነ ጉድጓድ በሥራ ሰዓት 60 ሜትር ቢያሳይ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም።

ሁለቱ ቁጥሮች ለየብቻቸው ሲመዘገቡ ግን ሐኪም የበሽተኛውን ሁኔታ እንደሚለይ ሁሉ የጉድጓዱን ሁኔታ መለየት ይቻላል። የዕረፍት ደረጃው ከዓመት ዓመት ሳይለወጥ የሥራ ደረጃው እየወረደ ከሄደ ችግሩ ያለው ጉድጓዱ ላይ ነው፦ ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳማ ቱቦ (ስክሪን) በኖራ ዝቃጭ፣ በብረት ዝገት ወይም በደቃቅ አሸዋ ተደፍኗል። መፍትሔውም ጽዳት ነው፤ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ገንዘብ ማባከን ይሆናል። የዕረፍት ደረጃው እና የሥራ ደረጃው እኩል እየወረዱ ከሄዱ፣ ይህም በአንድ ጉድጓድ ሳይወሰን በአካባቢው ባሉት ሁሉ ላይ ከታየ፣ አኩፈሩ ራሱ ከሚተካለት በላይ እየተቀዳ ነው። የዕረፍት ደረጃው ሳይለወጥ የሚወጣው ውሃ መጠን ቀንሶ ዝቅታውም አብሮ ካነሰ ደግሞ መፈተሽ ያለበት ፓምፑ፣ ቧንቧው ወይም የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው። ሦስቱም ሁኔታዎች ለቦኖው ወረፋ ጠባቂ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ቀጭን ውሃ ነው የሚያየው። «ጉድጓዱ ደረቀ» ተብሎ አዲስ ቁፋሮ ከሚጠየቅባቸው አጋጣሚዎች ምን ያህሉ በእርግጥ የአኩፈር መውረድ እንደሆኑ ያለ መዝገብ ማንም ሊናገር አይችልም።

አራተኛ ነገር አለ፤ እሱም ወቅት ነው። ወሎ በበልግና በክረምት ሁለት ጊዜ ዝናብ የሚያገኝ አካባቢ ሲሆን ውሃው ወደ ታች የሚሰርገው ግን ቀስ ብሎ ነው። በመሆኑም የጉድጓድ ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ የሚለው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረምና በኅዳር መካከል፣ ዝቅ የሚለው ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦትና በሰኔ ነው። የአንድ ዓመት የጥቅምት ልኬት ከሌላ ዓመት የግንቦት ልኬት ጋር ተነጻጽሮ «ይህን ያህል ሜትር ወረደ» የሚባል ከሆነ ስሌቱ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ነገር ግን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ወር መለካት በየወሩ በዘፈቀደ ከመለካት ይበልጣል።

የቆቦ ሜዳ ሒሳብ

የቆቦ ሜዳ ለዚህ ጉዳይ ከወሎ ሁሉ ይበልጥ ገላጭ ቦታ ነው። ሜዳው ዝናቡ የማያስተማምን፣ መሬቱ ግን ለምና ሰፊ ሲሆን ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በጠለፋ ወደ ማሽላና ጤፍ ማሳው ሲያስገባ ኖሯል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው በግፊት የሚሠራ መስኖ፣ ማለትም የርጭትና የጠብታ መስኖ፣ ተዘርግቷል፤ ሽንኩርትና ቲማቲምም ገበያ ያወጣ ምርት ሆነ። የአኩፈሩ ዋነኛ መተኪያ እነ ሆርማትና ጎሊና ከተራራ ወርደው ጠጠራማውን ግርጌ ሲያቋርጡ የሚያሰርጉት ውሃ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ግንኙነት አለ፦ የወንዝ ውሃ ከላይ ተገድቦ በቦይ በተወሰደ ቁጥር ወደ ጠጠሩ የሚሰርገው ድርሻ ይቀንሳል። የገፀ ምድርን መስኖና የጉድጓድን መስኖ እንደ ሁለት የተለያዩ ሀብቶች አቅዶ መደመር አንዱን ውሃ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው።

የመጠኑን ስሜት ለመያዝ ቀላል ስሌት እንሥራ። ከደለሉ መጠን ውስጥ ሲቀዳ ሊወጣ የሚችለው ውሃ 10 በመቶ ነው ብለን ብናስብ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ደረጃው በ1 ሜትር ሲወርድ የወጣው ውሃ 100,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሰከንድ 30 ሊትር የሚያወጣ አንድ ፓምፕ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በቀን 1,080 ሜትር ኩብ ያወጣል፤ ያንን 100,000 ሜትር ኩብ ለመጨረስ 93 ቀን ገደማ፣ ማለትም አንድ የሽንኩርት ወቅት የማይሞላ ጊዜ ይበቃዋል። በደጋው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ሊወጣ የሚችለው ድርሻ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን ያው ፓምፕ ያንኑ የ1 ሜትር መውረድ በዘጠኝና በአሥር ቀን ያመጣዋል። እርግጥ ነው፣ ከጎን የሚፈስና ከዝናብ የሚተካ ውሃ ስላለ እውነተኛው መውረድ ከዚህ ያነሰ ይሆናል፤ በሸክላ ንብርብር በታፈነ አኩፈር ላይም ስሌቱ ይለያል። ምን ያህል ያንሳል ለሚለው ግን መልስ ያለው የውሃ ደረጃ መለኪያው ገመድ ላይ ነው።

በቅርብ ዓመታት የፀሐይ ኃይል ፓምፕ መስፋፋቱ የሒሳቡን አንድ ወገን ይለውጠዋል። በናፍጣ የሚያጠጣ ገበሬ እያንዳንዷን ሰዓት ከኪሱ ስለሚከፍል ሰብሉ ሲረካ ሞተሩን ያጠፋል። ፓኔሉን አንዴ ለገዛ ሰው ግን ተጨማሪ ሰዓት ምንም አያስወጣውም። የፀሐይ ፓምፕ ለገበሬው ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ናፍጣ ውድና አንዳንዴም የማይገኝ በሆነበት አካባቢ ይህንን ቴክኖሎጂ መቃወም ሚዛናዊ አይሆንም። ነገር ግን የናፍጣ ዋጋ ሳይታሰብ ይሠራው የነበረው የመገደብ ሥራ አሁን በቆጣሪና በልኬት መተካት ይኖርበታል።

በዚህ ክርክር ውስጥ «ካልቀዳነው ወደ አፋር ይፈስሳል» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ውሃው ወደ ዝቅታው እንደሚሄድ እውነት ነው፤ ያልተቀዳ ሁሉ እንደባከነ ተደርጎ መወሰዱ ግን ስህተት ነው። በታችኛው ተፋሰስ ከብቶቹን የሚያጠጣው አርብቶ አደር ያንኑ ውሃ ይጠቀማል፤ በተጨማሪም ወደ ውጭ የሚፈሰው ውሃ ጨውን ይዞ የሚወጣ በመሆኑ ፍሰቱ ሙሉ በሙሉ ቢቆም በመስኖ የሚከማቸው ጨው በሜዳው ውስጥ ይቀራል።

ደረጃ ሲወርድ ጥራት ይለወጣል

የደረጃና የጥራት ክትትል በሁለት ቢሮ፣ በሁለት በጀት፣ አንዳንዴም በሁለት ዓመት ልዩነት የሚሠራ ሥራ ሆኖ ይታያል። በተፈጥሮ ግን አንድ ጉዳይ ናቸው፤ የቦርከና ሸለቆ ይህንን በደንብ ያሳያል።

ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ስትሆን በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ይገኛል። ከተማዋን አቋርጠው ወደ ቦርከና በሚገቡ ወንዞች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ክሮሚየምን ጨምሮ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን አሳይተዋል። ክሮሚየም በቆዳ ማልፋት ሥራ የሚውል ንጥረ ነገር ነው። ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ነው። የሚነሳው ጥያቄ በወንዙ ያለው ብክለት ወደ ጉድጓድ ይገባል ወይ የሚል ነው፤ መልሱም በአብዛኛው የሚወሰነው በውሃ ደረጃ ነው። በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ደረጃ ከወንዙ ከፍ ያለ ከሆነ ውሃው ከመሬት ወደ ወንዙ ይፈስሳል፤ ጉድጓዱም ከወንዙ የተጠበቀ ነው። ብዙ ተቀድቶ ደረጃው ከወንዙ ወለል በታች ሲወርድ ግን አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ወንዙ ወደ ጉድጓዶቹ መስረግ ይጀምራል። ትናንት ንጹህ ተብሎ የተመሰከረለት ጉድጓድ ፋብሪካው ምንም ሳይጨምር፣ የቀጂው ብዛት ብቻ ጨምሮ ሊበከል ይችላል ማለት ነው።

ለፋብሪካዎቹ የሚከራከሩ ወገኖች ሁለት ነጥብ ያነሳሉ፤ ሁለቱም ሊታዩ ይገባል። አንደኛው፣ በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሦስት ቫሌንስ ያለው ክሮሚየም በደለልና በሸክላ ላይ የሚጣበቅ በመሆኑ ብዙ ርቀት አይጓዝም የሚል ሲሆን ይህ በኬሚስትሪ በኩል ትክክል ነው። በቀላሉ የሚጓዘውና ይበልጥ መርዛማ የሆነው ስድስት ቫሌንስ ያለው ዓይነት ነው፤ ስለዚህ «ክሮሚየም ተገኘ» የሚል ውጤት ዓይነቱን ካልለየ ብዙ አይነግርም። ሁለተኛው፣ የከተማው መጸዳጃ ቤትና ቆሻሻም ድርሻ አለው የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከፋብሪካ ፍሳሽ ይልቅ ለብዙ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ቀዳሚው ስጋት የጉድጓድ መጸዳጃ ነው። ምልክቱ ናይትሬት ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ሲበዛ በተለይ በጡጦ የሚመገቡ ሕፃናት ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይዳከማል። ናይትሬት ሽታም ጣዕምም ቀለምም የለውም፤ ማፍላትም አያስወግደውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ይበረታል።

በአንጻሩ የሰገራ ባክቴሪያ ጉዳይ የክረምት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ከባድ ጎርፍ አፉ በደንብ ባልተገነባ የእጅ ጉድጓድ ውስጥ የሚያስገባው ኢ. ኮላይ በበጋ በተወሰደ ናሙና አይታይም። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም እንዳይገኝ የሚለው መስፈርት በየካቲት ተሟልቶ በሐምሌ ሊጣስ ይችላል። የአንድ ጊዜ የላቦራቶሪ ወረቀት ለአንድ ጉድጓድ የዕድሜ ልክ ምስክር ሆኖ መቅረቡ ትክክል የማይሆነው ለዚህ ነው።

ጉድጓዶች እየጠለቁ ሲሄዱ የሚመጣው ለውጥ ደግሞ ሌላ ነው። ከድንጋይ ጋር ለረጅም ዘመን የቆየ ውሃ ብዙ ማዕድን ያሟሟል፤ ፍሎራይድም ከዚሁ ይመጣል። ጣሪያው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ደጋው ከስምጥ ሸለቆው ወለል ጋር ሲነጻጸር በፍሎራይድ ባይታማም፣ ወደ አፋር ጠርዝ የሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ ሳይመረመር ለመጠጥ መዋል የለበትም። በቆቦ ሜዳ ዝቅ ባለው ክፍልም ትነት የሚያስቀረው ጨው የመስኖ ማሳን ሊጎዳ ስለሚችል የውሃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም፣ ኮንዳክቲቪቲ የሚባለውን፣ በየወቅቱ መለካት ያስፈልጋል። ይህ መለኪያ በእጅ የሚያዝ፣ ውጤቱን በደቂቃ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የትኛው ጨው እንደገባ አይናገርም፤ ነገር ግን ለዓመታት በአንድ ቁጥር ዙሪያ የቆየ ጉድጓድ በድንገት ቢለወጥ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚላክበት ጊዜ መድረሱን ይጠቁማል። ውድ ምርመራን ለሁሉም ጉድጓድ በየዓመቱ ማድረግ በማይቻልበት አካባቢ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ዘብ አይገኝም።

ገመዱ የማይገባበት ጉድጓድ

የደረጃ መለኪያው ዲፐር የሚባል፣ ጫፉ ውሃ ሲነካ ድምፅ የሚያሰማ ባለ ሜትር ገመድ ነው። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለምን አይሠራም ለሚለው ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች ውስጥ ትልልቆቹ (በጀት፣ የሰው ኃይል፣ ፖሊሲ) የታወቁ ናቸው፤ ከመካከላቸው የሚዘነጋው ግን ተራ የቧንቧ ሥራ ጉዳይ ነው። ብዙ ጥልቅ ጉድጓዶች ፓምፕ ሲገጠምላቸው አፋቸው በብረት ክዳን ይታሸጋል፤ ገመድ የሚያስገባ ቀዳዳ አይተውላቸውም። ቀዳዳ ቢኖርም የፓምፑ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ተጠላልፎ መለኪያው ይቀራል ተብሎ ይፈራል። ፓምፕ በሚገጠምበት ቀን አብሮ የሚወርድ ቀጭን የመለኪያ ቱቦ በውሉ ውስጥ ቢገባ ወጪው ከጠቅላላው ቁፋሮ አንጻር እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ኋላ ለመጨመር ግን ፓምፑ በሙሉ መውጣት አለበት።

ውሃ የሚቀዳበት ጉድጓድ ብቻውንም አይበቃም፤ የዕረፍት ደረጃውን ለማግኘት የከተማ አገልግሎትን ለሰዓታት ማቋረጥ ይጠይቃልና። የማይቀዳ፣ ለመከታተያ ብቻ የሚውል ጉድጓድ ያስፈልጋል። በቁፋሮ ጊዜ «ውሃው ትንሽ ነው» ተብለው የተተዉ ጉድጓዶች ለዚህ ተስማሚ ናቸው፤ ለመጠጥ ያልበቃ ውሃ ደረጃ ለማሳየት ይበቃል። የሐይቅ ተፋሰስም በተፈጥሮ የተሰጠ መለኪያ አለው። ሐይቁ 88 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለውና በገፀ ምድር መውጫ የሌለው ሲሆን፣ ይህን ያህል ዘመን እየተነነ ውሃው እንደ ሌሎች መውጫ አልባ ሐይቆች ጨው አለመሆኑ ከመሬት በታች የሚወጣ ፍሰት እንዳለው ይጠቁማል። ስለዚህ የሐይቁ ዳርቻ ደረጃና በዙሪያው ያሉ ጉድጓዶች ደረጃ አብረው ቢመዘገቡ እርስ በርስ ይተረጎማሉ።

ሕጉ ምን ይላል? የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ ውሃ ለመጠቀምና የውሃ ሥራ ለመገንባትም ፈቃድ ይጠይቃል። በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድና ባህላዊ መስኖ ግን ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ይህ ለገጠሩ ሰው የተደረገ ተገቢ እፎይታ ነው፤ ሆኖም ያልታሰበ ውጤት አስከትሏል። ፈቃድ የሌለው ጉድጓድ መዝገብ የለውም። በአቅራቢያው የተቆፈረ ጥልቅ የመስኖ ጉድጓድ ደረጃውን ሲያወርድበት የእጅ ጉድጓዱ ባለቤት ቀድሞ ውሃው የት እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት ስለማይኖረው፣ አዋጁ የሰጠውን ቅድሚያ በማስረጃ ሊጠይቅ አይችልም።

በዚህ ላይ የወሎ ውሃ ለአራት ተፋሰሶች የተከፈለ ነው፦ ቦርከናና ሚሌ ወደ አዋሽ፣ በሽሎ ወደ ዓባይ፣ ጎሊና ወደ ደናክል፣ የላስታ ወንዞች ደግሞ ወደ ተከዜ ይሄዳሉ። ጦርነቱ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. አካባቢውን ሲያዳርስም የውሃ ተቋማት ከነፓምፓቸውና ከነጄኔሬተራቸው ተጎድተዋል። ፓምፕ በአዲስ ይተካል፤ ጉድጓዱ ሲቆፈር የተጻፈው ሪፖርት፣ ማለትም የድንጋዩ ዓይነት፣ የስክሪኑ ቦታና የመጀመሪያው የዕረፍት ደረጃ፣ ቅጂ ከሌለው ግን ሊተካ አይችልም።

«መጀመሪያ ይቆፈር» እና «መጀመሪያ ይጠና»

ክትትልን እንደ ቅንጦት የሚያዩ ሰዎች መከራከሪያ ቀላል አይደለም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ ባሳለፈ ሀገር ውሃ የጠማውን ሰው «የአሥር ዓመት መረጃ እስኪሰበሰብ ጠብቅ» ማለት አይቻልም። በዚህ እነሱ ትክክል ናቸው። ከሌላው ወገን ያሉት ደግሞ የሐሮማያን ሐይቅ ይጠቅሳሉ፤ ለሐረር ከተማ መጠጥና ለጫት መስኖ ሲቀዳ፣ ደለልም ሲሞላው ቆይቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ደርቆ ነበር። በኋላ ውሃው ቢመለስም የደረቀበት ጊዜ ያስከተለው ወጪ አልተመለሰም።

በእኔ ግምት ሁለቱ ወገኖች የሚለያዩት ከሚመስለው ባነሰ ነው። መለካት ቁፋሮን አያስቆምም፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ራሱ የመጀመሪያው መለኪያ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ለአፍሪካ ቀንድ የከርሰ ምድር ውሃ ፕሮግራም 385 ሚሊዮን ዶላር ሲያጸድቅ ኢትዮጵያ ከተካተቱት ሀገራት አንዷ ነበረች፤ ዓላማውም ውሃ ማዳረስን ከመረጃና ከአስተዳደር ጋር አያይዞ መሥራት ነው። ከዚህ ቀደም በየቦታው የታየው ድክመት ግን ክትትሉ የፕሮጀክቱን ዕድሜ ያህል ብቻ መኖሩ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ መመዝገቢያው ይዘጋል። የልኬት ወጪ ከውሃ ታሪፍ ውስጥ እንደ ናፍጣና እንደ ኦፕሬተር ደመወዝ ያለ መደበኛ ወጪ ሆኖ ካልተቆጠረ ነገሩ ይደገማል።

ሳተላይት ሥራውን ያቃልለዋል የሚል ተስፋም አለ። የምድርን ስበት በመለካት የውሃ ክምችትን ለውጥ የሚገምቱት ግሬስ የተባሉት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2017 ሠርተዋል፤ ተተኪዎቻቸው በ2018 ተልከዋል። ነገር ግን የሚያዩት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን አካባቢ በአንድ ላይ ነው። የቆቦ ሜዳ ለእነሱ ከአፋር በረሃና ከላስታ ተራራ ተለይቶ አይታያቸውም።

ደረጃው ቢወርድ ማን ቀድሞ ያውቃል?

የመውረዱ ጉዳት ለሁሉም እኩል አይደርስም። ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ትናንሽ ምንጮች፣ ቀጥሎ የእጅ ጉድጓዶች፣ ከዚያ የእጅ ፓምፕ የተገጠመላቸው ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ይደርቃሉ። ጥልቅ ጉድጓድ ያለው ባለ መስኖ ወይም የከተማ ውሃ አገልግሎት ችግሩን የሚያየው በመጨረሻ፣ እሱም በመጀመሪያ በኤሌክትሪክ ሒሳብ መልክ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በ10 ሜትር ተጨማሪ ጥልቀት ለመሳብ የፓምፑ ብቃት 50 በመቶ ከሆነ 0.055 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ለሚያወጣ ጉድጓድ ይህ በየቀኑ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ወጪው ታሪፍ ላይ ይደመራል፤ ታሪፉ ካልተነካ ደግሞ ከጥገና በጀት ይቀነሳል፤ ያልተጠገነ ጉድጓድ ስክሪኑ ተደፍኖ የሥራ ደረጃው ይወርዳል፤ ሰውም ውሃው አለቀ ይላል።

መረጃው ቢሰበሰብ ለሕዝብ ይገለጥ ወይስ በቢሮ ይቀመጥ የሚለውም ያልተቋጨ ጉዳይ ነው። የጉድጓዶች ደረጃ በአደባባይ ቢለጠፍ የላይኛውና የታችኛው ተጠቃሚ ይካሰሳሉ፣ የመሬት ኪራይ ዋጋም ይናጋል ብለው የሚሰጉ ኃላፊዎች አሉ፤ ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ተቃራኒው ልምድ ግን ይበልጥ ያስከፍላል፦ የአንድ ፕሮጀክት ጥናት ሌላው ቢሮ ሳያየው ቀርቶ በዚያው ሜዳ ዳግም ጥናት ይደረጋል፣ ቆፋሪውም ከአሥር ዓመት በፊት ደረቅ በወጣበት ቦታ አጠገብ የቁፋሮ ማሽኑን (ሪጉን) ይተክላል። ቢያንስ የጉድጓዱ ቦታ፣ ጥልቀት፣ የሰኔና የጥቅምት የዕረፍት ደረጃና የኮንዳክቲቪቲው ቁጥር በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ለጠየቀ ሁሉ የሚሰጥ፣ ቅጂውም በተፋሰሱና በክልሉ ቢሮ የሚቀመጥ እንዲሆን ማድረግ አዲስ አዋጅ የሚጠይቅ ሥራ አይመስልም። የእጅ ጉድጓዶችን መመዝገብ ግን ይጠይቅ ይሆናል፤ ፈቃድ ሳያስገድድ ምዝገባን ብቻ የሚፈቅድ መመሪያ ክልሉ ሊያወጣ የሚችለው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምዝገባ መካሄድ ያለበት አዲስ የመስኖ ጉድጓዶች ሊቆፈሩባቸው በታቀዱ ቀበሌዎች፣ ሪጉ ከመድረሱ በፊት ነው።